የዳነችው አይጥ

ስልክ በደወልኩ ቁጥር ታላቅ እህቴ ከሰላምታው ቀጥሎ የምትጠይቀኝ አይጦቼን ነበር። «እሺ፣ አይጦችሽስ እንዴት አደሩ?» ትለኛለች። ከኋላዋ የደባርቅ ገበያ ይንጫጫል፣ አህያ ያናፋል፣ አንዱ ገበያተኛ ገብስ ስፈሪልኝ ይላታል። እህቴ እህል ነጋዴ ነበረች፤ ከጊች በኩል በበቅሎ የሚወርደውን ገብስ ተቀብላ ትሸጣለች። እኔ ለዶክትሬት ውጭ አገር ስሄድ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ልትሆን ነው ብሎ መርቆ ነው የሸኘኝ። አንድ ምድር ቤት ውስጥ አይጥ ስጠብቅ እንደምውል የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነው፤ የሁለታችን ቀልድ ሆነ። «አይጥ ለማየት ነው ያን ሁሉ ባሕር የተሻገርሽው? እኔ ጎተራ ሥር ስንቱ አለልሽ!» ትለኝና ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ።

ቀልድ አልነበረም። እህቴ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ነበር። እናቴ ታውቃለች፣ የንስሐ አባታችን ያውቃሉ፣ ጎረቤቱ ያውቃል፣ ገበያ ውስጥ ከጎኗ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴትዮ ሳትቀር ታውቃለች። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ደግሞ የማጠናው የጡት ነቀርሳን ነው።

እኛ አገር ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ነገር አይነገረውም። አባቱ የሞተበት ሰው ከሄደበት እስኪመለስ ድረስ «ደህና ናቸው፣ ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ነው» ይባላል። ሲመለስም ወዲያው አይነገረውም፤ መጀመሪያ ይበላል። በልቶ ካደረ በኋላ ማለዳ ሽማግሌዎች መጥተው ያረዱታል። ሳይበላ መርዶ የሰማ ሰው ይጎዳል ይባላል። ልጅ ሳለሁ ይህ ሁሉ ደግነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ምን ብዬ እንደምጠራው ዐውቃለሁ፤ ግን እናቴ በሕይወት ስላለች አልጽፈውም።

«ልጅቷ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ» ተባለ። ተመካከሩና አንድ ቃል ሆኑ። የማጠናውን በሽታ፣ ጥናቴ እንዳይስተጓጎል ብለው ደበቁኝ። ሌላ አገር ያለ ቤተሰብ ይህን ዓይነት ስህተት መሥራት የሚችል አይመስለኝም።

ሥራዬን ላስረዳ፤ ካላስረዳሁ ንዴቴ አይገባም። ነቀርሳ የያዘው ሕዋስ ውስጥ የተበላሹ ጂኖች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን እብጠቱን የሚያሳድጉ አይደሉም። የሚያሳድገውን ከሌላው ለመለየት ሰው ላይ መሞከር አይቻልም፤ ስለዚህ አይጥ ላይ ይሞከራል። የጠረጠርነውን ጂን አይጧ ገና ሳትወለድ እናስገባባታለን። ጂኑ ዝም ብሎ ይተኛል፤ በምትጠጣው ውኃ ውስጥ አንድ መድኃኒት ስንጨምር ይነቃል፣ መድኃኒቱን ስናቋርጥ ተመልሶ ይተኛል። ሲነቃ እብጠት ካበቀለ፣ ሲተኛም እብጠቱ ከቀነሰ፣ የምንፈልገውን አገኘን ማለት ነው። የቀረው መጠበቅና መለካት ነው። ጠዋት ጠዋት ጋዋንና ጭምብሌን አጥልቄ አይጦቹን አንድ በአንድ እያነሣሁ እብጠታቸውን በብረት መለኪያ እለካለሁ። አይጦቹ ሕግ ነበራቸው። እብጠቱ ከተፈቀደው መጠን ካለፈ ወይም ቆስሎ ከፈረጠ፣ ያቺ አይጥ በዚያው ቀን ያለ ሕመም እንድትሞት ይደረጋል። ከዚያ በላይ ማሰቃየት ያስጠይቃል።

ለእህቴ ይህንኑ ያስረዳኋት በሚኒባስ ምሳሌ ነው። ገና መጀመሪያ አካባቢ፣ አይጦቹን ምን እንደማደርጋቸው አጥብቃ የጠየቀችኝ ቀን።

«ከጎንደር የሚመጣውን ሚኒባስ አስቢ» አልኳት። «ስንት ሰው ተጠቅጥቆበታል? የሚነዳው ግን አንድ ነው። ሌላው ተሳፋሪ ነው። እኛ የምንፈልገው ሹፌሩን ነው።»

«ስታገኙትስ?»

«ከመሪው ላይ እናወርደዋለን።»

«እሱ ሲወርድ መኪናው ይቆማል?»

«ብዙ ጊዜ ይቆማል።»

ትንሽ አሰበች። «ሊማሊሞ ላይ ከሆነስ?» አለችኝ።

ሊማሊሞ ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ የሚያወርደው ገደላማ መንገድ ነው፤ እዚያ ቁልቁለት ላይ ሹፌር የሌለው መኪና ምን እንደሚሆን የደባርቅ ልጅ ሁሉ ያውቃል። በጣም ሳቅሁ። ጥያቄዋን ለአለቃዬም ነገርኩት፤ እሱም ወደደውና በአንድ ስብሰባ ላይ ተናገረው። ፈረንጆቹ ሁሉ ሳቁ። እህቴ ያን ጊዜ እብጠቷን አግኝታው ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ። አይጦቹ ያማቸዋል ወይ? የሚበሉትን ይበላሉ? እብጠቱ ብብታቸው ሥር ይወርዳል? ያበጠባት አይጥ ከሌሎቹ ጋር ትተኛለች ወይስ ትለያለች? ሁሉንም በዝርዝር መልሻለሁ፤ ተማርኩ ያለ ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋልና። አንዲት ገብስ ነጋዴ ስለ አይጥ ብብት ምን አስጨነቃት ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። እሷም አንድ ቀን አላመለጣትም። በጥሩ ሁኔታ ነው የደበቁት፤ በዚህስ ልወቅሳቸው አልችልም።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ከአይጦቹ መካከል እብጠቷ ከሁሉ የባሰ አንዲት ነበረች፤ ልትሞት አንድ ሐሙስ የቀራት። ሕጉ ሳይደርስባት ውኃዋን ቀየርንላት፤ መድኃኒት የሌለበት ንጹሕ ውኃ ሰጠናት። እብጠቱ መሟሟት ጀመረ። አንድ ጠዋት በጣቴ ብፈልገው፣ ብፈልገው አጣሁት። ከምድር ቤቱ ሮጬ ወጣሁና ማንንም ሳላናግር ደባርቅ ደወልኩ።

«ዳነች!» አልኳት።

«ማን?»

«አይጧ! ያቺ የነገርኩሽ። እብጠቱ የለም፣ ጠፋ!»

«በምን?»

«በውኃ» አልኳት። «የምትጠጣውን ውኃ ቀየርንላት፤ ሟሟ።»

«በውኃ ብቻ?»

«በውኃ ብቻ።»

 መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ እልል አለች። ገበያ መሃል፣ ገብስ እየሰፈረች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደጋግማ እልል አለች። ከጎኗ ያሉት ሴቶችም ምክንያቱን ሳያውቁ ተቀበሏት። ለአንዲት አይጥ ደባርቅ ገበያ እልል አለላት ብዬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ለጓደኞቼም ሁሉ አወራሁላቸው።

በኋላ እንደሰማሁት፣ እህቴ በዚያው ሳምንት ጎንደር ሆስፒታል ገብታ እብጠቱን ልታስወጣ ቀጠሮ ነበራት። ቀረች። ቀሚሷንና ነጠላዋን ሸክፋ ከሊማሊሞ ሥር ወዳለችው ድብ ባሕር አቅጣጫ ወርዳ ጸበል ገባች። የንስሐ አባታችን «ልጄ፣ ጸበሉንም ጠጪ፣ ሐኪሙንም አትተዪ፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ነው» ብለዋት ነበር። «አባ፣ እህቴ ነግራኛለች» አለቻቸው። እሳቸውም የተማረችዋ እህት ያለችውን ሰምተው መርቀው ሸኟት። እህቴ ቂል አልነበረችም። ያንኑ በሽታ የምታጠና እህቷ፣ ዐይኗ ያየውን፣ በውኃ ሟሟ ብላታለች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልግ? የትኛው ሐኪም ነው እንደ እኔ እየጮኸ ደስታውን የሚነግራት?

ጥፋቱ የኔ ነው የሚሉኝ አሉ፤ በአፋቸው ባይሉም በዐይናቸው ይሉኛል። አይደለም። እኔ ስለ አይጥ ተጠይቄ ስለ አይጥ መለስኩ። ስለ ሰው ብጠየቅ ኖሮ ዛሬውኑ ጎንደር ሂጂ፣ ቢላዋው ሥር ግቢ እላት ነበር። ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ የሚዘጋበት፣ ኔትወርኩ የሚጠፋበት ጊዜ መጣ። ወራት ሳንገናኝ እንቆያለን፤ ስንገናኝ ደግሞ «ደህና ነን፣ ደህና ነሽ» ብቻ ሆነ። ስለ አይጦቹ መጠየቋን ተወችው። ሰለቻት ብዬ ነበር። ጽሑፌን አስረክቤ፣ የምረቃ ቆብ ደፍቼ፣ በጥቅምት ወር አገሬ ገባሁ።

ደባርቅ መናኸሪያ እናቴና ጎረቤቶቿ ተቀበሉኝ። እህቴ አልመጣችም። «እቤት ሽር ጉድ እያለችልሽ ነው» አሉኝ፤ ሁሉም በአንድ አፍ፣ ፈጠን ብለው። ቤት ስገባ ጋቢ ተከናንባ መደብ ላይ ተቀምጣለች። አልተነሣችም። ሳቅፋት አንድ ትከሻዋን ብቻ ሰጠችኝ፣ ሌላውን ሸሸት አደረገችው። እጄ ላይ አጥንቷ ቀረ። ሽቶ ሸተተችኝ፤ በዕድሜዋ ሽቶ ተቀብታ የማታውቅ ሴት። ከሽቶው ሥር ደግሞ ሌላ ሽታ ነበር። ያን ሽታ ዐውቀዋለሁ። ምድር ቤቱ ውስጥ የአንዲት አይጥ ሳጥን ስከፍት እሱ ሽታ ከመጣ ሳልለካት ነው ሕጉን የምፈጽመው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩ።

«መጀመሪያ ብዪ» አለች እናቴ።

«አልበላም!»

«ብዪ አልኩሽ። መንገድ ውለሽ።»

ሳህኑን ገፋሁት። እህቴ ሳቅ ብላ «ከበላች በኋላ ነው የማሳያት ብዬ ነበር፤ ይኸው ልማዳችንን ሁሉ ረስታ መጣች» አለችና ጋቢውን ገለጥ አደረገችው። መለኪያ አላስፈለገኝም። ለአይጥ ከሚፈቀደው እጅግ አልፎ ነበር። ለእህቴ ግን ማንም ሕግ አላወጣላትም።

እናቴን ጎትቼ ጓሮ አወጣኋት። እንዴት እንደጮህኩባት ሳስበው አላፍርም፤ ዛሬም ቢሆን እጮኻለሁ።

«ለምን አልነገራችሁኝም? ለምን?»

«ትምህርት ላይ ነሽ ልጄ። ብንነግርሽ ጥለሽ ትመጫለሽ።»

«ምን እንደምማር ታውቂ ነበር?»

«ምን ዐውቄ። ሐኪም ልትሆኚ መሄድሽን ነው የማውቀው።» ከዚያ እሷም ጮኸች፤ እናቴ ጮኻብኝ አታውቅም ነበር። «ጨርሰሽ ስትመጪ ታድኛታለሽ ብለን ነዋ! ጨርሺና ነይልን ብለን ነዋ ያን ሁሉ ጊዜ አፋችንን የዘጋነው!»

 ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ያዩናል፤ እነሱም ሁሉ ያወቁ፣ እነሱም ሁሉ አፋቸውን የዘጉ ናቸው። ከመካከላቸው አንዷን ብቻ ሰድቤ ገባሁ፤ የትኛዋን እንደሆነ ራሴም አላስተዋልኩም።

መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን ሦስታችን ጎንደር ወረድን። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ዐይኑ በድካም ቀልቷል። እህቴን አይቶ፣ አስመርምሮ፣ በስተመጨረሻ እኔን ብቻ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። ምን እንደማጠና ነግሬው ስለነበር እንደ ባልደረባ ነው ያዋራኝ። ነቀርሳው ጉበቷ ውስጥ ገብቷል፣ አጥንቷም ውስጥ ገብቷል፤ ቀዶ ጥገናው ጊዜው አልፏል። ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ አለ። የመጀመሪያ ቀጠሮዋን ካርዷ ላይ አይቶታል። «ለምን እንደቀረች ታውቂያለሽ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት።

ከዚያ የሚያጽናናኝ መስሎት መሰለኝ፣ «አይጥ ላይ እኮ አሁን አሁን በጣም ጥሩ ውጤት አለ አሉ፣ አይደል?» አለ። ክፋት አልነበረበትም። አዎ፣ አይጥ ላይ በጣም ጥሩ ነው አልኩት። ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስኩ። እሱም ለታማሚዋ እንዴት እንደምንነግራት ለቤተሰቡ ትቶ ወደሚቀጥለው ሰው ሄደ።

ስንመለስ ዳባት ላይ ሚኒባሱ ቆመ፤ ልጆች የባቄላ እሸት በመስኮት ያቀብላሉ። እህቴ እቅፍ ሙሉ ገዝታ እየፈለፈለች ለእናቴም ለእኔም ታጎርሰናለች። እንደዚያ ተጫውታ አታውቅም። ሹፌሩ በፍጥነት ሲነዳ «ኧረ ቀስ፣ ሊማሊሞ ገና ነው!» አለችውና መኪናው ሁሉ ሳቀ። እኔ እሸቱን እያላመጥኩ በመስኮት የጤፉንና የገብሱን ማሳ አያለሁ። ያ ጥያቄ እኮ ያን ጊዜም መልስ ነበረው። ቁልቁለት ላይ ከሆነ አይቆምም።

ቤት እንደገባን እናቴ ማጀት ውስጥ ያዘችኝ። ሐኪሙ ያለውን በሹክሹክታ ነገርኳት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች፤ ድምፅ አልወጣትም። ስታበቃ ዐይኖቿን ጠራረገችና እጄን ያዘች። «እሷ እንዳትሰማ። ቁስሉ እየደረቀ ነው ብሏል በያት። ተስፋዋን አትቁረጪባት፣ በጡቴ ይዤሻለሁ።»

«እነግራታለሁ» አልኩ። «በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ እውነት ይናገር። ሕይወቷ የሷ ነው።»

እጄን ለቀቀችው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አላናገረችኝም። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ትሄዳለች። እኔም አላግባባኋትም። ሁለታችንም ለእህቴ ስንል ተኮራረፍን፤ እህቴም አይታ እንዳላየች ሆነች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እህቴ ከቤቱ ግድግዳ ሥር ቁርበት አንጥፋ ፀሐይ ትሞቃለች። የደባርቅ ብርድ የሚለቀው ያቺን ሰዓት ብቻ ነው። ሄጄ ከጎኗ ተቀመጥኩ። የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፤ በምን እንደምጀምር፣ ስለ ጉበቷ እንዴት እንደምነግራት፣ ስቃይን ስለሚያስታግሰው መድኃኒት። አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ያቺ አይጥ አለች?»

«የቷ?»

«የዳነችዋ። በውኃ የዳነችዋ።»

ያቺ አይጥ አልነበረችም። ከዳነች ከወራት በኋላ እብጠቱ ተመልሶ መጣባት። ጂኑ ተኝቶ፣ ውኃው ንጹሕ ሆኖ፣ ሹፌሩ ወርዶ፣ እብጠቱ ብቻውን አደገ። ሕጉ በሚፈቅደው ቀን ገደልናት፤ የገደልኳት እኔ ነኝ። ቀደን አየናት፣ ከእብጠቷ ቆራርጠን ሰም ውስጥ ከተትን። ፎቶዋ ጽሑፌ ውስጥ አለ፤ የተመረቅሁትም በሷ ነው። ይህን ለእህቴ በስልክ አልነገርኳትም። ያኔ ስለ አይጦቹ መጠየቅ ትታ ነበር።

አሁን መናገሪያው ሰዓት ነበር። እውነቱን ለመናገር ስንት ጮኼ፣ እናቴን አስቀይሜ የመጣሁት ለዚህች ሰዓት ነው። እህቴ አገጯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

«አለች» አልኳት።

«ወለደች?»

«ወለደች።»

«እሰይ። ብዙ?»

«ብዙ።»

 ከዚያ ቀስ ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ደረቷን አሳመማትና በእጇ ደገፈችው። «አንቺ ልጅ፣ ድሮም ውሸት አያምርብሽም» አለችኝ። «ሐኪሙ ውጭ ሲያቆምሽ በበሩ ክፍተት አይቼሻለሁ። ጀርባሽን ሰጥተሽ ነበር። የምታለቅስ ሴት ጀርባ ይጠፋኛል?»

 እጇን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። ቀለል ያለ፣ ትኩሳት ያለበት እጅ ነው።

«ግድ የለም። እኔ ጸበል ቤት ሳለሁ ነው ያወቅሁት። ውኃው ያንቺዋን አይጥ እንጂ እኔን እንዳላወቀኝ ገብቶኛል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማዬን ግን አደራ። እሷ እንዳትሰማ። ድኛለሁ ብያታለሁ፤ የምትተኛውም በዚያ ነው። ውሸታም እንዳታደርጊኝ።»

ብድግ ብዬ ጮኼ ሁለቱንም ፊት ለፊት ላስቀምጣቸው ፈለግሁ። አታውቅም የምትያት ታውቃለች፣ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም ዐውቃለሁ፣ መንደሩም ያውቃል፤ ታዲያ የምንደብቀው ከማን ነው? እንዲህ ልል ነበር። «እሺ» አልኳት።

ፀሐይዋ ስትገባ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከተኮራረፍን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ።

«ነገርሻት?»

«አልነገርኳትም።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ድኛለሁ አለች።»

እናቴ ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሬን ሳመችኝ። «ተባረኪ ልጄ። ተባረኪ» አለችኝ። ዶክትሬቴን ይዤ ስመጣ እንኳ እንደዚያ አልመረቀችኝም።

ከዚያ እራት ቀረበ። አንድ ትሪ ከበን ተቀመጥን፤ እህቴ መጀመሪያ ለእናቴ አጎረሰች፣ እናቴ ለእሷ አጎረሰች፣ ሁለቱም ለእኔ አጎረሱኝ። «ብዪ፣ ከስተሻል» አሉኝ። እኛ አገር መርዶ ከመነገሩ በፊት ሰው ይበላል። ሦስታችንም በላን፤ መርዶውን የሚናገር ግን አልነበረም።